ምዕራፍ ሰባት፦ ተፈጥሮና ደዌ

በወላይታ ሶዶ ከተማ ሁለት ዓይነት ቅባት አለ። አንደኛው በየመዋቢያ ዕቃ መደብሩ በመስተዋት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው፣ ገጿ የነጣ ሴት ሥዕል በታተመበት ካርቶን የሚሸጠው፣ ገላን ያቀላል ፊትንም ያጠራል እየተባለ በወጣቶች፣ ይልቁንም ሠርጋቸው በቀረበ ልጃገረዶች ዘንድ የሚፈለገው ነው። ሁለተኛው ሥዕልም ማስታወቂያም የሌለው፣ ከሳሙናና በውሃ ከቀጠነ በረኪና ጋር ሆኖ ዝሆኔ የያዘው ሰው እግሩ የሚታከምበት ቅባት ነው። የመጀመሪያውን የሚገዛው ምንም ደዌ የሌለበት ሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚያስፈልገው ግን ይህስ ከዘሩ የመጣ ነው፣ መድኃኒት የለውም ተብሎ ከጓዳ እንዲውል የተፈረደበት በሽተኛ ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ እንደ ደዌ ተቆጥሮ ሲታከም፣ ደዌ ደግሞ እንደ ተፈጥሮ ተቆጥሮ ሲተው የምናይበት ይህ የተገለበጠ ፍርድ ከወዴት እንደ መጣና እንዴትስ እንደሚቃና መመርመር የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው።

ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕና፣ የሻሸመኔና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙባት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። መንገድ በሚገናኝበት ከተማ ከሸቀጡ ጋር የመልክ ሚዛንም አብሮ ይገባልና፣ በጊፋታ በዓል የድንጉዛን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ለብሶ አደባባይ የሚወጣው ወጣት ማታ በስልኩ የሚያየው ገጽ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከሙምባይም የሚመጣ ነው። ፊልተር የሚሉት የስልኩ ጥበብም ጠቃጠቆን ይደመስሳል፣ ገላን ያነጣል፣ አፍንጫን ያቀጥናል፤ ባለ ፎቶው ይህን ምስል ደጋግሞ ካየ በኋላ በመስተዋት የሚያገኘውን የራሱን ፊት እንደ ጉድለት መቍጠር ይጀምራል። መሣሪያው ለአንድ ወገን ማድላቱ ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በቀለም ፊልም ዘመን ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ለየፎቶ ማጠቢያ ቤቱ ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበርና፣ ጥቁር ገላ በዚያ ሚዛን ሲታተም የፊቱ ዝርዝር ጠፍቶ ጨለማ ብቻ ይታይ ነበር።

ይሁን እንጂ ሚዛኑን ሁሉ ባዕድ አምጥቶ ጫነብን ማለት ራስን ማታለል ነው። ሙሽራ ሲመረጥ የገላዋ ቅላት፣ የአፍንጫዋ ሰልካካነት፣ የፀጉሯ ዞማነት የሚቈጠርበት፣ ጥቁር የተወለደችውንም ልጅ እናቷ ራሷ ለማጽናናት ጠይም ናት የምትልበት ልማድ ከእኛው ቤት ያደገ ነው፤ ሥሩም ስለ ውበት ከሚደረግ ጨዋታ ይልቅ ወደ ባርነት ታሪክ ይወርዳል። የወላይታ መንግሥት በነገሥታቱ ዘመን ራሱ ባሪያ ያሳድር ነበር፤ በ1887 ዓ.ም. ንጉሡ ካዎ ጦና በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጦር ድል በሆነ ጊዜ ደግሞ ብዙ የወላይታ ሰው ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ። ጌታን ከባሪያ ለመለየት ዐይን የለመደው የመልክ ምልክት፣ የገላ ጥቁረት፣ የአፍንጫ ስፋት፣ የፀጉር ከርዳዳነት፣ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላም በስድብና በሙሽራ መራጭ ሽማግሌዎች ዐይን ውስጥ ሳይሻር ቀረ። ከዚህ የተነሣ ቀይ ገላን የሚመኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመኘው የቆዳ ቀለም አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ የኖረውን ማዕርግ ነው።

በዚህ ላይ የውጭ ሊቃውንት ነዳጅ ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1930 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሴሊግማን ስለ አፍሪቃ ዘሮች ባሳተመው መጽሐፍ በአፍሪቃ የታየውን ሥልጣኔ የካም ነገድ ብሎ ለሰየመውና ከነጮች ወገን ለመደበው ዘር ሰጠ፤ ይህንም አሳብ እንደ ውዳሴ የተቀበለ ኢትዮጵያዊ አልጠፋም። ውዳሴው ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ግን ጥቂት ቈይቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1937 የፋሺስት መንግሥት ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረውን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣ ሕግ ባወጣ ጊዜ ሰልካካ አፍንጫ ማንንም አላዳነም።

አሁን ከታሪክ ወደ ፍጥረት እንመለስ። የሰው ሁሉ ቆዳ፣ የኖርዌዩም የወላይታውም፣ ቀለም ሠሪ ሕዋሳቱ በቍጥር እምብዛም አይለያዩም፤ ልዩነቱ እነዚህ ሕዋሳት በሚሠሩት የሜላኒን ዓይነትና መጠን ነው። ሜላኒን የፀሐይን ብርቱ ጨረር ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት የሚይዝ ጋሻ ሲሆን፣ ከሚጠብቃቸውም ነገሮች አንዱ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ነው፤ ፎሌት በጨረር ይፈርሳልና፣ በነፍሰ ጡር ሴትም ላይ ሲጐድል ጽንሱ የጀርባ አጥንትና የአንጐል ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ኒና ጃብሎንስኪና ጆርጅ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የነባር ሕዝቦች የገላ ቀለም አገራቸው ከሚያገኘው የጨረር ብርታት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ፤ ጨረር በበረታበት ገላ ይጠቍራል፣ ጨረር በደከመበት ደግሞ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ይቀላል። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7ኛው ዲግሪ አቅራቢያ ትገኛለች፤ ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀጥታ በአናቷ ላይ ታልፋለች። ጨረሩም በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የዳሞታ ነፋስ ቀዝቃዛ ነውና ፀሐዩ አይጐዳም የሚል ሰው ይሳሳታል። በዚህ ስፍራ ጥቁር ገላ ይዞ መወለድ ለስፍራው የተገባ ልብስ ለብሶ መወለድ ነው።

ስለዚህ ነገር ከወላይታ ጎረቤት ከጋሞ ደጋ የተገኘ ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ2012 በሞታ ዋሻ ተቀብሮ የተገኘው፣ ከ4500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሰው፣ የዘር ቅንብሩ ተነብቦ በ2015 ሲታተም ከአፍሪቃ ምድር ሙሉ ቅንብሩ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ፤ ዐይኑ ቡናማ፣ ገላውም ጥቁር እንደ ነበረ ከቅንብሩ ታወቀ። በሣራ ቲሽኮፍ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ሰዎች ላይ ሲደረግ፣ ገላን የሚያቀሉትም የሚያጠቍሩትም የዘር ቅንጣቶች አብዛኞቹ ዘመናዊው ሰው ከመገኘቱ በፊት የነበሩ መሆናቸውን፣ አንድ ገላ አቅሊ ቅንጣት ግን ከውጭ ገብቶ በምሥራቅ አፍሪቃ የተሠራጨ መሆኑን ገለጠ። እንግዲህ ከአንድ እናትና አባት አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ጥቁር ሆኖ ቢወለድ ይህ ጥንታዊ ቅንብር በየማኅፀኑ እንደ ገና በመደባለቁ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱን አብልጦ መሳምና ሌላውን ማሳነስ የወላጅ ጥፋት ይባላል እንጂ የፍጥረት ሥራ አይባልም።

ስለ አፍንጫና ስለ ፀጉር ብዙ ማለት አያሻም። የአፍንጫ ቀዳዳ ስፋት ከአየሩ ሙቀትና እርጥበት ጋር እንደሚዛመድ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ጠባቡ አፍንጫ ቀዝቃዛና ደረቅ አየርን አሙቆና አርጥቦ ለሳንባ የሚያቀርብ ነው። ፀጉርን በተመለከተ ደግሞ፣ ዛሬ በፒያስትራ የሚተኰሰውና በሪላክሰር የሚለዝበው ከርዳዳ ፀጉር በአባቶቻችን ዘመን ጎፈሬ ሆኖ የአርበኛ ማዕርግ ነበር፤ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስም ሹሩባ ተሠርተው እንጂ ፀጉራቸውን አስተኵሰው በሥዕል አይታዩም። ለስላሳ ፀጉር የሚሻ ሰው ቢሻ ደስ ይበለው፤ ራስን ማስጌጥ ነውር አይደለም፤ የወላይታም እናት ለመስቀል አናቷን ቅቤ የምትቀባው ደምቃ ልትታይ ወዳ ነው። ጌጥ የተፈጠረውን ያጐላል፤ የማቅያ ቅባት ግን የተፈጠረውን ሊያጠፋ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

ማቅያውስ እንዴት ይሠራል? በገበያ ከሚገኙት ብዙዎቹ ከሦስት ነገሮች አንዱን ወይም ሁለቱን ይይዛሉ። ሃይድሮኪኖን የተባለው ሜላኒን የሚሠራበትን ኤንዛይም ያግዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን በቆዳው ውስጥ ሰማያዊ መሰል ጥቁረት አስቀምጦ ይሄዳልና፣ መቅላትን የፈለገው ሰው ቀድሞ ከነበረው የከፋና በቀላሉ የማይለቅ ጥቁረት ይወርሳል። ይህ ጉዳት በደቡብ አፍሪቃ እ.ኤ.አ. በ1975 በሐኪሞች ተመዝግቦ፣ ያች አገርም በ1990 የማቅያ ቅባትን ንግድ በሕግ ከልክላለች። ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ገላን ያቀላል፣ ነገር ግን በቆዳ ዘልቆ ኵላሊትን ይጐዳል፤ ከቀቢዋም አልፎ እቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናት ይተርፋል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይሠራ፣ ወደ ሌላ አገርም እንዳይላክና እንዳይገባ ቢወስንም፣ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ መርዝ በየገበያው መግባቱን አላቆመም። ሦስተኛውና ምናልባት ከሁሉ የሚብሰው የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ ይህ በሐኪም ትእዛዝ ለቆዳ በሽታ ለጥቂት ቀን የሚሰጥ መልካም መድኃኒት ሲሆን፣ ወራትን ሙሉ በፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥሩን ያወጣል፣ ብጉር ያበቅላል፤ ተጠቃሚዋ ልተወው ስትል ደግሞ ፊቷ ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፣ ያሳክካታልና ሥቃዩን ለማስታገሥ ወደዚያው ቅባት ትመለሳለች። ከሱስ የሚለየው በስም ብቻ ነው። ጋሻው የተነሣለት ቆዳም በሶዶ ከፍታ ፀሐይ ሲመታ ማድያት ያወጣል፤ ማድያቱን ለማጥፋት ሌላ ማቅያ ይገዛል፤ የሚያተርፈው ነጋዴው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ እንግዲያውስ ልጃገረዶቻችንን ራሳችሁን ውደዱ ብለን እንምከራቸው ይል ይሆናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ግማሹን ሸክም ለተበዳይ ያሸክማል። ለአስተናጋጅነትና ለእንግዳ ተቀባይነት በሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ጥሩ ቁመና እየተባለ በሚጻፍበት፣ ሽማግሌ ሲላክ ስለ ልጅቱ ቅላት በሚጠየቅበት አገር፣ የመልኳ ዋጋ በኑሮዋ ላይ የሚቈረጥባት ልጅ ማቅያ ብትገዛ ሞኝ ናት ማለት አይቻልም፤ በተበላሸ ሚዛን ዘንድ ለመክበድ የምትጥር ናት። ስለዚህ የመልክን ተፈጥሮ መቀበል ከመስተዋቱ ፊት ከቆመችው ልጅ በፊት የሚገባው መስተዋቱን ለያዙት፣ ለእናቲቱ፣ ለአሠሪው፣ ለሽማግሌው፣ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሙሽራን ፊት ሳትጠይቀው ለሚያነጣው ሰው ነው።

ለልጅቱ ለራሷም ግን የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልወስደው እወዳለሁ፤ ምንም እንኳ ዛሬ በወላይታ ብዙው ሕዝብ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባል ቢሆን። በግእዝ ሥነ ጽሑፍ መልክእ የሚባል የድርሰት ዓይነት አለ፤ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ ከዚህ ወገን ናቸው። ደራሲው የሚያከብረውን ቅዱስ ከራስ ፀጉሩ ጀምሮ፣ ቅንድቡን፣ ዐይኑን፣ ጉንጩን፣ ትከሻውን፣ እስከ ተረከዙና እስከ ጥፍሩ ድረስ በየተራ ሰላምታ እያቀረበ ይወርዳል። ይህን ድርሰት ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ሰላምታ የሚሰጠው ከሌላ ሰው አካል ጋር ተነጻጽሮ በልጦ ስለ ተገኘ ሳይሆን ሥራ የሠራ አካል በመሆኑ ነው፤ ዐይን አይቷልና፣ እጅ ባርኳልና፣ እግር ተጕዟልና። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንም የምትናገረዋን ሴት ጥቁረት ሳይሸሽግ ከውበቷ ጋር አንድ ላይ ያቆመዋል። ራስን መቀበል ማለት በመስተዋት ፊት ቆሞ ቆንጆ ነኝ ብሎ ራስን ማሳመን ከሆነ እጅግ አድካሚ ነው፤ አካልን በሠራው ሥራ ማክበር ግን ከተወለዱ ጀምሮ ሲያገለግል የኖረን ሰው እንደ ማመስገን ያለ ስለሆነ የማንንም ምስክርነት አይሻም።

መልክእ እግርን አይዘልም ብያለሁ፤ እግርም ወደ ሁለተኛው ቅባት ይመልሰናል።

ወላይታ የዝሆኔ አገር ነው። ይህን ስል በትንኝ የሚተላለፈውንና በቆላ የሚገኘውን ዝሆኔ ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን፣ ባዶ እግሩን በቀይ አፈር ላይ የሚያርሰውን የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ የሚይዘውን ማለቴ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው፣ ብዙ ዝናብ የሚጥልበት ቀይ ሸክላማ አፈር እጅግ ረቂቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች አሉበት፤ እነዚህ በውስጥ እግር ቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቈጣሉ፣ ቧንቧውም እየጠበበ ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀምና እግር ከጣት ጀምሮ እስከ ጉልበት በታች ያብጣል፣ ቆዳውም ይሻክራል። ተዋሲ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ይህን ያረጋገጠውና ለበሽታው ስም ያወጣለት በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 የሚበልጠው በሽታው እንዳለበት ተገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመው ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረበት ዞን በበሽታው ምክንያት በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚባክን አሰላ።

ገንዘቡ ሊሰላ ይችላል፤ ኀፍረቱ ግን ስሌት የለውም። ዝሆኔ ያለበት ሰው በወላይታ ከጋብቻ ሲርቅ፣ ልጆቹም ሳይታመሙ ከእርሱ ቤት ስለ ወጡ ብቻ ሲርቁ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከለቅሶ፣ ከእድር፣ ከአምልኮም ሳይቀር ራሱን ሲደብቅ ኖሯል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በሽታው በዘር ይወርዳል በሚል እምነት ነው፤ በዚህም እምነት ውስጥ ጥቂት እውነት መኖሩን መካድ አይገባም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከወላይታ በተወሰደ ናሙና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰው ለዚህ አፈር የበለጠ ተጋላጭ የሚያደርገው የዘር ቅንጣት እንዳለው አሳይተዋል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታው አይወረስም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደውም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ዕድሜውን ሙሉ ዝሆኔ ሳይነካው ይኖራል። ተፈጥሮና ደዌ የሚለያዩበት ድንበር ይህ ነው፦ ቅንጣቱ ተፈጥሮ ነው፣ እንቀበለዋለን፤ እብጠቱ ደዌ ነው፣ እንታከመዋለን።

ሕክምናውንም ከማንም በፊት በስፋት ያሳዩት በሶዶ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ ያገለገለው የሚስዮን ሐኪም ናታን ባርሎ በስተ እርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሞሲ ፉት የተባለውን ሥራ በሶዶ ጀመረ፤ በዞኑ ልዩ ልዩ ስፍራ በሚገኙ ጣቢያዎች ሕሙማን እግራቸውን በሳሙናና በቀጠነ በረኪና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ በልካቸው የተሰፋ ጫማ ማድረግ ተማሩ። በዚህ ሥራ እጅግ የማደንቀው ጉዳይ፣ ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ራሳቸው ሌሎችን ማስተማራቸውና ጫማውን መስፋታቸው ነው፤ ትናንት እግሩን በጋቢ ሸፍኖ ይቀመጥ የነበረ ሰው ዛሬ እግሩን ገልጦ እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ ይላል። እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ብዙ ጊዜም ፈጽሞ አይሆንም። ግን ይራመድበታል፣ ያርስበታል፣ ገበያ ይወጣበታል። ይህ ሕክምና በምሥራቅ ጎጃምም ተፈትኖ፣ ድንገት እየተነሣ ሰውን የሚጥለውን የእግር ትኵሳትና ሕመም እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል።

ስለዚህ በወላይታም ሆነ በሌላ ቀይ አፈር ባለበት አገር የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ገላህ ጥቁር ከሆነ የምትታከመው ነገር የለህም፤ ለማቅያ የምታወጣውን ገንዘብ ለልጅህ ጫማ አድርገው። ማቅያ ስትቀቢ የቈየሽ እኅት ብትኖሪ ግን ስቴሮይድን በድንገት መተው ስለሚጐዳ ካርቶኑን ይዘሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ የተቀባሽውን ሁሉ ሳታፍሪ ንገሪው። በቤታችሁ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ቢኖር ማታ ማታ የሚያቃጥለውና የሚያሳክከው መሆኑን ጠይቁት፤ ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ገና በመጀመሪያው ሲያዝ እብጠቱ ሊጐድል ይችላል።